ራስፕቤሪ ፓይ ሚሞሪው ሞልቶ እምቢ ሲል፦ ቦታ ማስለቀቅና ባካፕ መያዝ ከሀ እስከ ፐ

ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ በምትሰራው ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር ጭናችሁ ካስቀመጣችሁ፣ ካሜራ በሉት፣ የቤት ሰርቨር በሉት፣ የቴሌግራም ቦት በሉት፣ አንድ ቀን «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» (ቦታ አልቋል) የምትል መስመር ትመጣባችኋለች። ከዛ በኋላ ያለው ነገር ግራ ያጋባል ምክንያቱም ፓዩ ሞልቻለሁ ብሎ አይቆምም፣ ግማሹን እየሰራ ግማሹን ይተወዋል። ዌብሳይቱ ይከፈታል ግን ሎግ ኢን አያስደርግም፣ ዳታቤዙ ያነባል ግን አይጽፍም፣ ዴስክቶፕ ያለው ከሆነ ደግሞ ፓስዎርዱን በትክክል አስገብታችሁ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ተመልሶ እዛው ሎግ ኢን ላይ ይጥላችኋል። በዚህ የተነሳ ፓስዎርዴ ተበላሸ ብሎ ሲስተሙን እንደ አዲስ የሚጭን ሰው ብዙ ነው፣ ነገሩ ግን ዴስክቶፑ ሲከፈት ሆም ፎልደር ውስጥ የሚጽፋት ትንሽዬ ፋይል ቦታ አጥታ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ2 አንድ ላይ ተጭናችሁ በጥቁሩ ስክሪን ግቡ፣ ወይ ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ትዕዛዝ መስጫ) ግቡ፣ ይገባል።

ስለ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ልናገር፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። አብዛኛው ሰው ሲሞላበት ያገኘውን መደምሰስ ይጀምራል፣ ባካፕ የሚያስበው ከተረጋጋ በኋላ ነው፣ ካሰበው ማለቴ ነው። ትክክለኛው ግን መጀመሪያ ትንሽ ባካፕ፣ ከዛ ማጽዳት፣ ከዛ ትልቁ ባካፕ ነው። ማጽዳት ማለት ሱዶ (የአስተዳዳሪ ስልጣን) ይዞ ዲሊት ማድረግ ስለሆነ እጃችሁ አንዴ ከሳተ የምትመለሱበት ነገር መኖር አለበት፣ ትልቁ ደግሞ ከጸዳ በኋላ ሲሆን ትንሽ ሆኖ፣ ቶሎ አልቆ፣ ፍላሽ ላይም ይገባል። አሮጌ ሎግ (ፕሮግራሞች የሰሩትን የሚመዘግቡበት ፋይል) እና የተጠራቀመ ካሽ (ጊዜያዊ ፋይል) ባካፕ አድርጎ ማስቀመጥ ለማን ነው?

እዚህ የምጽፈው በዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ስለተሰራው ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ነው፣ ኦሬንጅ ፓይ ወይ ቢግልቦን የሚባሉት ተመሳሳይ ቦርዶች ያላችሁም ከተወሰነ የፎልደር ስም በቀር ያው ነው። እንደውም ቢግልቦን ብላክ ያላችሁ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፣ ቦርዱ ላይ የተበየደው ማከማቻ (ኢኤምኤምሲ) 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ የድሮው ደግሞ 2። ትዕዛዞቹን ስልክ ላይ ለሰው እንደምናነብለት በራሳችን ፊደል ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ቃል የሆነውን እንደ ቃል፣ ምህጻረ ቃል የሆነውን ፊደል በፊደል፣ እናንተ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትመቷቸዋላችሁ። ሁሉም በትንሽ ፊደል ነው፣ ትልቅ ፊደል ያለበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ካርዱ ሞልቶ ነው ወይስ እየሞተ ነው?

መጀመሪያ ይቺን፦

ዲኤፍ -ኤች /

አንድ መስመር ትመጣለች፣ ጠቅላላ መጠኑ፣ የተያዘው፣ የቀረው፣ ከዛ ፐርሰንቱ። 100% ካለ በቃ ሞልቷል። 32 ጊጋ ተብሎ የተሸጠላችሁ ካርድ 29 ምናምን ካለ አትደንግጡ፣ አምራቹ በ1000 ነው የሚያባዛው ሊኑክስ ደግሞ በ1024። ግን 32 ጊጋ ካርድ አስገብታችሁ ጠቅላላው 4 ወይ 7 ጊጋ ብቻ ካለ ችግራችሁ ቆሻሻ አይደለም፣ ፓርቲሽኑ (ሲስተሙ ያለበት የካርዱ ክፍል) አልሰፋም ማለት ነው፣ የቀረው የካርዱ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። «ኤልኤስቢኤልኬ» ብትሉ የካርዱን ሙሉ መጠንና የፓርቲሽኑን መጠን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። መፍትሄው «ሱዶ ራስፒ-ኮንፊግ» ብሎ ገብቶ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዛ «ኤክስፓንድ ፋይልሲስተም»፣ ከዛ ሪስታርት። አንዳንድ ሰው ይሄን ሳያይ ሌላ ትልቅ ካርድ ገዝቶ ይመጣል።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፣ ዲኤፍ ቦታ አለ ይላል፣ ፋይል ልትፈጥሩ ስትሉ ግን ቦታ የለም ይላችኋል። ያኔ «ዲኤፍ -አይ /» በሉ። ካርዱ ፎርማት የተደረገበት ኤክስት4 የሚይዘው የፋይል ብዛት ገደብ አለው፣ አይኖድ ይባላል፣ ካሜራ በየሰከንዱ ትንንሽ ፎቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ወይ የሆነ ዌብ አፕ የሴሽን ፋይል እየፈጠረ የማያጠፋ ከሆነ ባይቱ ሳያልቅ ቁጥሩ ያልቃል። መፍትሄው ያው እነዛን ትንንሾቹን ፈልጎ ማጥፋት ነው።

ከዛ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ካርዱ ጤነኛ መሆኑን እዩ፦

ሱዶ ዲኤምኢኤስጂ | ግሬፕ -አይ ኤምኤምሲ

«አይ/ኦ ኤረር» ወይም «ሪማውንቲንግ ፋይልሲስተም ሪድ-ኦንሊ» የሚል ካያችሁ የተናገርኩት ቅደም ተከተል ይቀራል፣ ማጽዳቱንም ተዉት። ካርዱ እየሞተ ነው፣ እያንዳንዷ የምትጽፉበት ነገር ትጎዳዋለች። «ሱዶ ፓወርኦፍ» አድርጋችሁ ካርዱን አውጡና ሌላ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በዲዲሬስኪው ቅዱት። ፓኬጁ ሲጫን ስሙ ጂዲዲሬስኪው ነው፣ ስትጠሩት ግን ዲዲሬስኪው፦

ሱዶ ዲዲሬስኪው /ዴቭ/ኤስዲቢ ፓይ.አይኤምጂ ፓይ.ማፕ

ይሄ የሚነበበውን ቀድሞ ይወስድና የተበላሸው ጋር በመጨረሻ ተመልሶ ይታገላል፣ ማፑ የምትባለው ፋይል ደግሞ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ካቆመበት እንዲቀጥል ነው። ኤስዲቢ ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ የእናንተን በኤልኤስቢኤልኬ እዩ።

ትንሿ ባካፕ

ካርዱ ጤነኛ ከሆነ፣ የማትተኩትን ነገር ብቻ እንወስዳለን፦ ሴቲንጎቹን፣ የራሳችሁን ስክሪፕትና ፋይል፣ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚሮጥ ስራ) ላይ ያለውን፣ እና የተጫኑ ፓኬጆች ዝርዝር። ሲስተሙን ራሱን አይደለም፣ እሱ ሁሌም ዳውንሎድ ይደረጋል።

እዚህ ጋር ሰው የሚሰናከልበት ነገር፣ ካርዱ 100% ሞልቶ ባካፑን እዛው ካርድ ላይ ለመጻፍ መሞከር ነው። የት ሊገባ? ፍላሽ ሰክታችሁ እሱ ላይ ጻፉ፣ ወይም ጭራሽ ፓዩ ላይ ምንም ሳይጻፍ ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ በኔትወርክ ሳቡት፦

ኤስኤስኤች ስማችሁ@አድራሻው "ሱዶ ታር ሲዜድ /ኢቲሲ /ሆም /ኦፕት /ዩኤስአር/ሎካል /ቫር/ስፑል/ክሮን" > ትንሽ.ቲጂዜድ

ይሄ የሚሰራው ሱዶው ፓስዎርድ የማይጠይቅ ከሆነ ነው። ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ፓወርሼል ውስጥ አትስሩት! የድሮው ፓወርሼል በዛች በትልቅ-ይበልጣል ምልክት የሚያልፈውን ነገር ጽሁፍ ነው ብሎ ስለሚቀይረው ፋይሉ ይመጣል፣ መጠኑም ደህና ይመስላል፣ ሲከፈት ግን የተበላሸ ነው። ሲኤምዲ የሚባለውን ጥቁሩን መስኮት ተጠቀሙ። ሲያልቅ እዛው «ታር ቲዜድኤፍ ትንሽ.ቲጂዜድ» ብላችሁ የፋይሎቹ ስም እስከ መጨረሻው ያለ ኤረር መውረዱን እዩ።

ሆም ውስጥ ቪዲዮ ምናምን ካከማቻችሁ ይሄ ትንሽ አይሆንም፣ ያኔ /ሆም የሚለውን በሚያስፈልገው ፎልደር ብቻ ተኩት። የፓኬጅ ዝርዝሩ ደግሞ በዚሁ መንገድ «አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» በሚለው ትዕዛዝ ይወጣል፣ በእጅ ተጫኑ ተብለው የተመዘገቡትን ነው የሚዘረዝረው፣ ጽሁፍ ነው፣ ምንም አይመዝንም።

ይቺን ፋይል ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይወረውራታል፣ እስከ 2 ጊጋ ስለሚቀበል ምቹ ነው፣ አልቃወምም። ግን አስቡት፣ /ኢቲሲ ውስጥ የዋይፋያችሁ ፓስዎርድ በግልጽ ተጽፎ አለ፣ ሆም ውስጥ የኤስኤስኤች ቁልፍ አለ፣ የቦቱ ቶክን አለ። ከመላካችሁ በፊት «ጂፒጂ -ሲ ትንሽ.ቲጂዜድ» ብላችሁ ፓስዎርድ አድርጉበት፣ ያንን ፓስዎርድ ደግሞ እዛው ቻት ላይ አትጻፉት።

ዳታቤዝ ካላችሁ ፋይሉን ዝም ብሎ መቅዳት አይበቃም፣ እየተጻፈበት ከተቀዳ ግማሽ የድሮ ግማሽ አዲስ ሆኖ ይመጣል። ማሪያዲቢ ከሆነ በማሪያዲቢ-ዳምፕ፣ ኤስኪውላይት ከሆነ እራሱ ኤስኪውላይት3 ውስጥ ገብታችሁ በነጥብ-ባካፕ አውጡት። ወይ ሰርቪሱን አቁሙና ቅዱ፣ የቤት ነገር ከሆነ ለአምስት ደቂቃ ቢቆም ማንም አይሞትም።

ቦታው የት ገባ

አሁን ወንጀለኛውን እንፈልግ። ገምቶ መደምሰስ የለም፦

ሱዶ ዲዩ -ኤክስኤችዲ1 / | ሶርት -ኤች

ኤክሷ ወሳኝ ናት፣ የተሰኩ ፍላሾችንና ሌሎች ፓርቲሽኖችን እንዳይቆጥር ታደርገዋለች። ትልቁ ከታች ይመጣል። ከዛ ወደ ትልቁ ውስጥ እየገባችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ለምሳሌ /ቫር ከሆነ ስላሹን በ/ቫር ተክታችሁ ድገሙት። ትንሽ ቦታ ካገኛችሁ በኋላ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንሲዲዩ» ብላችሁ ኤንሲዲዩን ጫኑት፣ በቀስት እየተመራችሁ ፎልደር ውስጥ የምትገቡበት ፕሮግራም ነው፣ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቀላሉን እንጀምር፦

ሱዶ አፕት ክሊን

ይሄ የወረዱ የፓኬጅ ፋይሎችን ያጠፋል፣ ከተጫኑ በኋላ ስለማያስፈልጉ ምንም ጉዳት የለውም፣ አፕዴት አድርጎ ለማያውቅ ፓይ ትንሽ ነው፣ አዘውትሮ ለሚያደርግ ግን ብዙ ይለቃል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ»፣ ግን «የስ» ከማለታችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡት፣ የምትጠቀሙበት ነገር እዛ ውስጥ ካለ ኖ በሉ። ፉል የሚባለውን ኢሜጅ ከጫናችሁ ደግሞ ሊብሬኦፊስ አብሮ መጥቷል፣ ድሮ ከሆነ ዎልፍራምም አለ፣ ፓዩን ስክሪን ሳትሰኩ ለሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ፐርጅ አድርጓቸው፣ በአንዴ ትልቅ ቦታ የሚለቀው ይሄ ነው።

ሎግ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ተመልሶ የሚመጣው ችግር ያለው እዚህ ነው። «ጆርናልሲቲኤል --ዲስክ-ዩዜጅ» የሲስተሙ ሎግ ስንት እንደያዘ ይነግራችኋል። ካልገደባችሁት ከዲስኩ እስከ 10% ድረስ፣ ቢበዛ 4 ጊጋ ይሄዳል፣ 32 ጊጋ ካርድ ላይ 3 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው። አሁን ለመቁረጥ፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫክዩም-ሳይዝ=50ኤም

ኤሟ ትልቅ ናት። ለሁልጊዜው ደግሞ /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ «ሲስተምማክስዩዝ=50ኤም» አድርጉ፣ እዚህ ኤስ፣ ኤም እና ዩ ትልቅ ናቸው፣ ከፊቷ ያለችውን የሃሽ ምልክት ማንሳት አትርሱ፣ ከዛ ሰርቪሱን ሪስታርት።

/ቫር/ሎግ ውስጥ አንድ ግዙፍ ፋይል ካገኛችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት «ቴይል» ብላችሁ የመጨረሻ መስመሮቹን አንብቡ። አንድ ፕሮግራም በሰከንድ መቶ ጊዜ ያው ኤረር እየጻፈ ከሆነ ፋይሉን ብታጠፉት ነገ ተመልሶ ይሞላል፣ መድሃኒቱ ኤረሩ ጋር ነው ያለው። ስታጠፉት ደግሞ በአርኤም አይደለም፦

ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ቫር/ሎግ/የፋይሉ-ስም

ለምን? ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ እየጻፈበት እያለ በአርኤም ካጠፋችሁት ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ሦስት ጊጋ ፋይል አጥፍታችሁ ዲኤፍ ስትሉ ያው 100% ነው፣ ዲዩ ግን ፋይሉን አያየውም፣ ሁለቱ ይጣላሉ። ቀድሞ የሆነባችሁ ካላችሁ «ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» (ኤሏ ትልቅ) ስማቸው ጠፍቶ የተያዙትን ፋይሎች ከነፕሮግራሙ ያሳያችኋል፣ ያንን ፕሮግራም ሪስታርት ስታደርጉት ቦታው ይመለሳል። ይሄ ካስቸገራችሁ ፓዩን ራሱን ሪስታርት አድርጉት።

ዶከር የምትጠቀሙ ደግሞ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» በሉ። «ዶከር ሲስተም ፕሩን» የቆሙ ኮንቴይነሮችንና ስም የሌላቸውን ኢሜጆች ያጸዳል፣ «--ቮልዩምስ» የሚለውን ግን ቮልዩም ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቁ አትጨምሩበት፣ ዳታችሁ ያለው እዛ ነው። የዶከር ኮንቴይነር ሎግ ካልተገደበ ዝም ብሎ ያድጋል፣ በነባሪው ገደብ የለውም፣ ስለዚህ /ኢቲሲ/ዶከር/ዲመን.ጄሰን ውስጥ በ«ሎግ-ኦፕትስ» ስር «ማክስ-ሳይዝ» 10ኤም አድርጉት። ይሄ አዲስ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ነው የሚሰራው፣ ያሉትን አጥፍቶ መፍጠር ያስፈልጋል።

የቀረው ቶሎ ቶሎ፦ ሆም ውስጥ ነጥብ-ካሽ የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፣ የብራውዘርና የፒፕ ካሽ እዛ ነው፣ ይጥፋ። ከዴስክቶፕ ዲሊት ያደረጋችሁት ሁሉ ትራሽ ውስጥ ነው ያለው፣ ባዶ አድርጉት። አርፒአይ-አፕዴት ሰርታችሁ የምታውቁ ከሆነ /ቡት.ባክ እና /ሊብ/ሞጁልስ.ባክ የሚባሉ ኮፒዎች ትቶ ሄዷል፣ ሲስተሙ ደህና ከሆነ አይፈለጉም።

ከዛ ውጪ ኤክስት4 ከዲስኩ ላይ 5% ለሩት (ለአስተዳዳሪው) ብቻ ብሎ ይይዛል፣ ሲሞላ ሲስተሙ ጭራሽ እንዳይቆም ነው። 5% ለትንሽ ካርድ በዛ ካላችሁ «ሱዶ ቱን2ኤፍኤስ -ኤም 1 /ዴቭ/ኤምኤምሲቢኤልኬ0ፒ2» ወደ 1% ያወርደዋል፣ ፓዩ እየሰራም ይቻላል። ዜሮ አታድርጉት ግን፣ ያቺ ቦታ ናት ሲሞላ ሱዶ ይዛችሁ እንድትገቡና እንድታጸዱ የምታደርጋችሁ።

ተደብቆ የሚበላ ቦታ

ዲዩ 9 ጊጋ ነው ይላል፣ ዲኤፍ 28 ይላል፣ ኤልኤስኦኤፍ ላይ ምንም የለም። ይሄ ሲያጋጥማችሁ ፍላሽ ወይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፓዩ ላይ የምትሰኩ ከሆናችሁ እሱን ጠርጥሩ። እኛ ጋር መብራት ሄድ መጣ ስለሚል ይሄ በብዛት ይከሰታል፦ መብራት ይመጣል፣ ፓዩ ይነሳል፣ ዲስኩ ግን ዘግይቶ ይነሳል ወይ ጉልበት አንሶት አይነሳም፣ /ኤምኤንቲ/ዩኤስቢ የሚባለው ፎልደር ባዶውን ይቀራል፣ ካሜራው ደግሞ ምንም ሳያውቅ እዛው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ካርዱ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል። ጠዋት ዲስኩን ትሰኩታላችሁ፣ ዲስኩ በላዩ ይቀመጥበትና ከስሩ ያለው አይታይም። ከስር ያለውን ለማየት፦

ሱዶ ኤምኬዲአይአር /ኤምኤንቲ/ስር
ሱዶ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ስር
ሱዶ ዲዩ -ኤችዲ1 /ኤምኤንቲ/ስር/ኤምኤንቲ

ያገኛችሁትን የሚፈለገውን ወደ ዲስኩ አንሱት፣ የቀረውን አጥፉት፣ ከዛ «ሱዶ ዩማውንት /ኤምኤንቲ/ስር»፣ ስትመቱት ዩኤምኦዩኤንቲ ነው፣ ኤኗ አንድ ጊዜ ብቻ። ዳግመኛ እንዳይሆን ደግሞ ዲስኩን ነቅላችሁ ፎልደሩ ባዶ ሲሆን «ሱዶ ሲኤችኤቲቲአር +አይ /ኤምኤንቲ/ዩኤስቢ» በሉ። ከዚህ በኋላ ዲስኩ ካልተሰካ ሩት ራሱ እዛ ፎልደር ላይ መጻፍ አይችልም፣ ዲስኩ ሲሰካ ግን እንደ ድሮው ይሰራል። ፕሮግራሙ ኤረር ያወጣል፣ ያውጣ፣ በዝምታ ካርዱን ከሚሞላው ይሻላል።

የማይነካውንም ልናገር። /ቡት/ፈርምዌር ውስጥ ያለ ነገር፣ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ፣ እና /ሊብ/ሞጁልስ ውስጥ ያሉት። ሞጁልስ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት አራት ፎልደሮች ታዩና «የድሮ ከርነል ነው» ትላላችሁ፣ አይደለም፣ ለተለያየ የፓይ ሞዴል የተዘጋጁ ናቸው፣ በእጅ አታጥፏቸው።

ትልቁ ባካፕ

አሁን ካርዱ ቀሏል፣ ሙሉ ኢሜጅ እንውሰድ። ኢሜጅ ማለት ካርዱ ከነፓርቲሽኑ፣ ከነቡቱ፣ እንዳለ አንድ ፋይል ሆኖ ማለት ነው፣ ካርዱ ቢሞት ሌላ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ሰክታችሁ ትቀጥላላችሁ። ፓዩን በ«ሱዶ ፓወርኦፍ» አጥፉ፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ስታቆም ካርዱን አውጡና በካርድ ሪደር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩ።

ዊንዶውስ ከሆነ ወዲያው «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መስኮት ያወጣል። ካንስል! ዊንዶውስ ኤክስት4ን ስለማያነብ ነው እንጂ ካርዱ አልተበላሸም። ዊን32 ዲስክ ኢሜጀርን ክፈቱ፣ ፋይሉን የምታስቀምጡበትን ስምና ቦታ ስጡት፣ የካርዱን ፊደል ምረጡ፣ «ሪድ» ተጫኑ፣ «ራይት» አይደለም። ሊኑክስ ከሆነ፦

ኤልኤስቢኤልኬ
ሱዶ ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/ኤስዲቢ ኦኤፍ=ፓይ.አይኤምጂ ቢኤስ=4ኤም ስታተስ=ፕሮግረስ

4 ላይ ያለችው ኤም ትልቅ ናት። አይኤፍ ከየት ነው፣ ኦኤፍ ወዴት ነው፣ ሁለቱን ብታቀያይሩ ዲዲ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ካርዱን ሊደመስስላችሁ ይችላል፣ ከኢንተር በፊት መስመሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ኤስዲቢ እንጂ ኤስዲቢ1 ወይ ኤስዲቢ2 አይደለም፣ ቁጥር ካለው አንድ ፓርቲሽን ብቻ ነው የሚቀዳው፣ ሪስቶር ሲደረግ አይነሳም።

የሚወጣው ፋይል የካርዱን ሙሉ መጠን ያህላል፣ 32 ጊጋ ካርድ ላይ 6 ጊጋ ብቻ ቢኖርም ፋይሉ 32 ነው። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ፋይሉን የምታስቀምጡበት ፍላሽ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ሁለተኛ፣ አንዱ 32 ጊጋ ካርድ ከሌላው 32 ጊጋ ካርድ ጋር እኩል አይደለም፣ ሌላ ብራንድ በትንሽ ሜጋ ያነሰ ቢሆን ኢሜጁ አልገባም ይላል። ይሄን የመጠን ችግር የሚፈታው ፓይሽሪንክ የሚባል ነጻ ስክሪፕት ነው፣ ሊኑክስ ላይ ይሰራል፦

ሱዶ ፓይሽሪንክ.ኤስኤች -ዜድ ፓይ.አይኤምጂ

ባዶውን ቦታ ቆርጦ ይጥላል፣ ዜዷ ደግሞ ጂዚፕ አድርጋ ታጨምቀዋለች፣ ሪስቶር ስታደርጉት በመጀመሪያው ቡት ራሱ ወደ አዲሱ ካርድ መጠን ይሰፋል። ቅድም ያጸዳነው እዚህ ጋር ነው የሚከፍለን፣ የተቆረጠው ኢሜጅ መጠን በቀጥታ ካርዱ ላይ የቀረው ዳታ ልክ ነው። አንድ ነገር፣ ሙሉ ኢሜጅ ዲሊት ያደረጋችኋቸውን ፋይሎች ቅሪትም ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ ፓስዎርዶቹም አሉበት፣ ስለዚህ «ኢሜጁን ስጠኝ» ለሚላችሁ ሰው ዝም ብላችሁ አትስጡ።

ሌላ ኮምፒውተር የሌላችሁ፣ ዴስክቶፑ ላይ አክሰሰሪስ ውስጥ «ኤስዲ ካርድ ኮፒየር» አለ፣ ሌላ ካርድ በዩኤስቢ ሪደር ሰክታችሁ ፓዩ እየሰራ ወደሱ ይገለብጣል፣ ዳታው እስከገባ ድረስ ያነሰ ካርድም ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ዳታቤዝና ካሜራ ምናምኑን አቁሙ።

በየሳምንቱ በራሱ እንዲሄድ

ኢሜጅ በየሳምንቱ መውሰድ ማንም አያደርገውም፣ በወር ወይ ትልቅ ለውጥ ሲኖር ይበቃል። በመሃል ላለው አርሲንክ የሚባለው የመቅጃ ትዕዛዝ ነው፣ የተቀየረውን ብቻ ስለሚወስድ ከመጀመሪያው በኋላ ቶሎ ያልቃል። ሩት ክሮን ላይ በአንድ መስመር፦

ማውንትፖይንት -ኪው /ኤምኤንቲ/ዩኤስቢ && አርሲንክ -ኤኤችኤኤክስኤክስ --ዲሊት --ኤክስክሉድ=/ቫር/ስዋፕ / /ኤምኤንቲ/ዩኤስቢ/ፓይ/

ፊደሎቹ በተራ ትንሽ ኤ፣ ትልቅ ኤች፣ ትልቅ ኤ፣ ትልቅ ኤክስ፣ ትንሽ ኤክስ ናቸው። ማውንትፖይንት የሚለው ዲስኩ መሰካቱን ያረጋግጣል፣ ካልተሰካ ምንም አይጽፍም። ትንሿ ኤክስ ሌሎች ፓርቲሽኖችን ስለምትዘል ቡቱ አብሮ አይሄድም፣ /ቡት/ፈርምዌርን በሌላ መስመር ለብቻው ቅዱት። ዲስኩ ራሱ ኤክስት4 መሆን አለበት፣ ፋት32 ወይ ኤክስፋት የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ አይይዙም፣ ሪስቶር ያደረጋችሁት ሁሉ ባለቤቱ ይጠፋል።

«--ዲሊት» ባካፑ ዋናውን እንዲመስል ያደርጋል፣ ያ ማለት በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ክሮኑ ሲሮጥ ከባካፑም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ነው የወሩ ኢሜጅ የማይቀረው። ደግሞ ይሄ የአርሲንክ ኮፒ አዲስ ካርድ ላይ ቢገለበጥ ዝም ብሎ አይነሳም፣ የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር ሲኤምዲላይን እና ኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስላለ መቀየር አለበት። ስለዚህ ፋይል ለማውጣት አርሲንኩን፣ ሲስተሙን ለማንሳት ኢሜጁን።

ሪስቶር አድርጋችሁ ሞክሩት

ሌላ ካርድ ግዙ፣ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ካርዱን ራሱን ፈትሹ፣ ገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ አለ፣ ኮምፒውተሩም 128 ነው ብሎ ያምናል፣ ከ8 በላይ የተጻፈው ግን የለም። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3ራይት ከዛ ኤፍ3ሪድ፣ ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ እስከ ጥግ ጽፎ መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ አድርጋችሁት ተኙ።

ከዛ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀርን ክፈቱ፣ ከኦኤስ ዝርዝሩ መጨረሻ «ዩዝ ከስተም» ብላችሁ የራሳችሁን ኢሜጅ ምረጡ፣ የጂዚፑን እንዳለ ይቀበላል። ስም፣ ዋይፋይ፣ ፓስዎርድ ላስተካክል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ኖ በሉ፣ ሁሉም ውስጡ አለ። ስትሞክሩት አንድ ፓይ ብቻ ይብራ፣ የድሮውና አዲሱ ካርድ ሁለት ፓይ ላይ አንድ ላይ ከተነሱ ስማቸው አንድ፣ ቁልፋቸው አንድ፣ ክሮናቸው አንድ ነው፣ ቦት ካላችሁ በአንድ ቶክን ሁለት ቦታ ይጎትቱታል፣ ባካፕ ዲስኩ ላይም ሁለቱም ይጽፋሉ። ተነስቶ፣ ሰርቪሶቹ ሮጠው፣ ዲኤፍ የአዲሱን ካርድ ሙሉ መጠን ካሳየ አዲሱን ካርድ እዛው ፓዩ ውስጥ ተዉት፣ የድሮውን ቀኑን ጽፋችሁበት ከቤት ውጪ የሆነ ቦታ፣ ቢሮ ወይ ዘመድ ጋ፣ አስቀምጡት።